የግል የሙዚቃ ትምህርት በሐዋሳ፦ የትኛው መምህር ክፍያው ይገባዋል?

ሐዋሳ ላይ የግል የሙዚቃ መምህር አይጠፋም። ቤት ለቤት እየሄደ የሚያስተምር አለ፤ አንድ ክፍል ተከራይቶ ኪቦርድና ጊታር ደርድሮ በወር የሚያስከፍል አለ፤ ማታ በባህል ምሽት ቤት ተጫውቶ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት ተማሪ የሚቀበል የክራር ተጫዋችም አለ። የጠፋው መለኪያው ነው። ወላጅ «ስንት ነው? በስንት ወር ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል፣ መምህሩም «በሦስት ወር» ብሎ ይገላገላል። እኛ ትምህርቱን የመዘንነው በሌላ ጥያቄ ነው፦ ተማሪው ከአንድ ወር በኋላ ቤቱ ገብቶ፣ ማንም ሳይረዳው፣ የሰማውን ድምፅ መሣሪያው ላይ ማግኘት ይችላል ወይ? ክራር ለያዘ ይህ ማለት መቃኘት ነው። ኪቦርድ ለያዘ ደግሞ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ በጆሮ ለይቶ ጣቱን እዚያ ማሳረፍ ነው።

በክራር እንጀምር፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ክራር ፍሬት (እንደ ጊታር አንገት ላይ ያለ አግድም ብረት) የለውም፣ ቁልፍም የለውም። ባለ ስድስት ክሩን ብንወስድ አምስቱ ክሮች የቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራበትን፣ አምስት ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ከአምስቱ የአንዱን ድምፅ በኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ በቀጭኑ ወይም በወፍራሙ) ይደግማል። ስለዚህ ካልተቃኘ ጣት የትም ቢሄድ ዜማ አይወጣም። የተለመደው የማስተማር አካሄድ ግን እንዲህ ነው፦ ተማሪው ይገባል፤ መምህሩ ክራሩን ተቀብሎ በሁለት ደቂቃ ይቃኝለታል፤ መልሶ ይሰጠውና «አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ» እያለ ጣት ያስቆጥረዋል። ልጁ አንድ ዘፈን ይዞ ይወጣል። በባጃጅ ተንገጫግጦ ቤቱ ሲደርስ የክራሩ ቅኝት ወርዷል። ያንኑ ጣት ይደግማል፣ የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። «ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ክራሩን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ብዙው ሰው እዚህ ላይ ነው፤ ጣቱ ግን ምንም አላጠፋም።

ጥሩ መምህር የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜያት ለመቃኘት ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መምህሩ አንድ ድምፅ ያንጎራጉራል፣ ተማሪው አንዱን ክር እያዞረ እዚያ ድምፅ ላይ ያደርሰዋል፤ ይህ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ቆጠራ ዶ ይሁን። ቀጥሎ የዶን ኦክታቭ። ከዚያ ሶል፣ ከዶ በላይ አምስተኛው ድምፅ ስለሆነ ለጆሮ ቀላል ነው። ከሶል ወደ ታች አራተኛውን ሲፈልግ ሬን ያገኛል፣ ከሬ ወደ ላይ አምስተኛው ላ ነው፣ ከላ ወደ ታች አራተኛው ደግሞ ሚ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፦ ትዝታ ሜጀር ተቃኘ ማለት ነው። ሁለት ክሮች ተቀራርበው ገና ሳይገናኙ ሲቀሩ አብረው ሲመቱ «ው፟… ው፟… ው፟…» የሚል መርገብገብ ይሰማል። ክሩ ወደ ልኩ በቀረበ ቁጥር መርገብገቡ ይዘገያል፣ ልክ ሲገባ ይጠፋል። ተማሪ ይህን አንድ ጊዜ ከሰማ በኋላ አይረሳውም። መምህሩ ይህን መርገብገብ ሳያሰማችሁ ሁለተኛውን ሳምንት ካለፈ ሌላ መምህር ፈልጉ።

ከዚህ በኋላ ቅኝት መቀየር ይመጣል፣ የክራር ትምህርት ጣዕሙም እዚህ ነው። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ የሚነኩት ሁለት ክሮች ብቻ ናቸው፦ ሚ እና ላ፣ እያንዳንዳቸው በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። በተቃኘው ትዝታ ሜጀር ላይ ምንም ክር ሳይነካ ማረፊያውን፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ፣ ላ ላይ ቢያደርጉት ባቲ ማይነር ይሆናል። ትዝታ ማይነር ላይ ደግሞ ማረፊያው ሶል ሲሆን አምባሰል ይወጣል። አምባሰልን ለብቻው ቃኝተው የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፣ ያም ልክ ነው፤ ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ብዙ ጊዜ የግድም ይላል። ዝምድናውን ግን ማሳየት አለባቸው፣ አለዚያ ተማሪው አራቱን ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን) አራት የማይገናኙ ነገሮች አድርጎ ይሸመድዳቸዋል። አንቺሆዬ ግን የራሱ ነው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ የወረደ ነው)። ከትዝታም ከአምባሰልም ማረፊያ በመቀየር አይገኝም፣ ጆሮም ቶሎ አይለምደውም። መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል።

ለሙከራ ቀን አንድ ዘዴ እንንገራችሁ። ወደ መምህሩ ከመሄዳችሁ በፊት አንዱን ክር ሆን ብላችሁ አላሉት። ክራሩን ተቀብሎ ራሱ የሚያስተካክለው የተለመደው ዓይነት ነው። ሰምቶ «የትኛው ነው የወረደው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ከሆነ ለወር ክፈሉ።

አመታቱ ሁለት መልክ አለው፣ ድርደራና ግርፍ። በድርደራ ጣቶች ክሩን አንድ በአንድ ይነኩታል። በግርፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ባንድ ላይ ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው አፍነው ይይዛሉ፤ የሚፈለገው ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሳል። ጀማሪ የሚሳሳተው ጣቱን ዘግይቶ ሲያነሳ ወይም ዘግይቶ ሲመልስ ነው፤ ያኔ ሁለት ድምፆች ይደባለቃሉ። መፍትሔው ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚቆጥር መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ፣ ሳይገርፉ የግራ እጅን ማንሳትና መመለስ ብቻ መለማመድ ነው። ስልክ ላይ ያለ ነፃ ሜትሮኖም ይበቃል። መምህሩ ሁለቱንም ካላስተማረ ግማሽ ክራር ነው የምትማሩት። ምሽት ቤት የሚጫወቱት ብዙዎቹ ግርፍ ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ድርደራን ግን ቶሎ ቶሎ ያልፉታል። ጠይቋቸው።

ስለ ስልክ መቃኛ መተግበሪያም አንድ ነገር። መጥፎ አይደለም፣ ግን «ጊታር» ከሚለው ሁሉንም ድምፅ ወደሚለየው «ክሮማቲክ» ቀይሩት። ጊታር ላይ ከተተወ ክሩን ሁሉ ወደ ስድስቱ የጊታር ድምፆች ሊጎትትባችሁ ይሞክራል፣ ክርም ያስበጥሳል። ብቻችሁን ስትለማመዱ ክራሩ የግድ 440 ሄርዝ ላይ፣ ማለትም መሣሪያዎች አብረው ሲጫወቱ በሚቃኙበት የጋራ ልክ ላይ፣ መቆም የለበትም። ክሮቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ነው ዋናው።

የከተማዋ አየርም የራሱ ጣጣ አለው። የክራሩ ገጽ ቆዳ ነው። በክረምት፣ በተለይ ሐይቅ ዳር አካባቢ ላለ ቤት፣ ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፣ ብርኩማው (ክሮቹ ቆዳው ላይ የሚያርፉበት እንጨት) ይሰምጣል፣ ድምፁ ወርዶ ይደፈናል። ብዙ ሰው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ይህ አደገኛ ነው፤ ቆዳው ባንድ ጊዜ ተወጥሮ ጠርዙ ላይ ይቀደዳል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። ከመስኮትና ከእርጥብ ግድግዳ አርቆ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበቃል። አዲስ የናይለን ክር ደግሞ እስኪሳብ ድረስ ለጥቂት ቀናት እየወረደ ያስቸግራል፤ ቀስ ብሎ በእጅ መሳብና ደጋግሞ መቃኘት ነው፣ ክራሩ አልተበላሸም። ስትገዙ ቀንበሩ (ላይኛው አግድም እንጨት) ላይ ያለውን የክር መጠቅለያ አዙራችሁ ልቀቁት፤ ተንሸራቶ ከተመለሰ ቅኝት አይዝም፣ አትግዙት። ኤሌክትሪክ ክራር ለጀማሪ አያስፈልግም።

ኪቦርድ በከተማዋ በብዛት የሚሰጠው ትምህርት ነው። ከመምህራኑ ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን የዝማሬ አገልግሎት ውስጥ ያደጉ ናቸው፣ ይህም ትልቅ ጥቅም አለው፦ ዘማሪው ሳይነግራቸው ከየት እንደጀመረ ሰምተው ይከተላሉ። ይህን ጆሮ ከመጽሐፍ አታገኙትም። ደካማ ጎኑ ኖታ ነው። ልጃችሁ ወደፊት አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ካሰበ ኖታ ማንበብ የሚያስተምር መምህር ለይታችሁ ፈልጉ፣ «እሱ በኋላ ይደርሳል» የሚለውን አትቀበሉ።

ኪቦርድ ላይ የምናየው ትልቁ ጉዳት የትራንስፖዝ ቁልፍ ነው፤ የመሣሪያውን ድምፅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ጥቁሮቹ አምስት ቁልፎች ብቻቸውን ከፋ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ካለው ፋ) ሲነሱ ትዝታ ሜጀር ናቸው፤ ለዚህ ነው ብዙ በራሱ የተማረ ሰው ጥቁሩ ላይ የሚጫወተው። አጀማመሩ ጥሩ ነው። ግን መምህሩ «ዘማሪው ከፍ ካለ ትራንስፖዝ ተጫን» ብሎ ካቆመ፣ ተማሪው ከዓመት በኋላም የሚያውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ትራንስፖዝ የሌለው ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ችግር ስታይል፣ ማለትም ኪቦርዱ በራሱ የሚመታው አጃቢ፣ ነው። ማሽኑ ከበሮና ቤዝ ሲመታ የተማሪው ጊዜ አጠባበቅ ይሸፈናል። የእኛን ስድስት ስምንተኛ ቺክቺካ ደግሞ ከፋብሪካ በመጡት ስታይሎች ውስጥ እንደ ልብ አታገኙትም፣ ስለዚህ ተማሪው ከማይገጥም ምት ጋር ይለማመዳል። በትምህርቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስታይል ጠፍቶ፣ በሜትሮኖም ብቻ መሆን አለበት። ግራ እጅም ይታሰብበት፦ አንቺሆዬ ዜማ ሥር የተለመደውን ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ ሲጭኑበት ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ይገባና ዜማውን ይገድለዋል። ጎበዝ መምህር እዚህ ላይ አንድ ቤዝ ድምፅ ብቻ ያስይዛል።

ሒሳቡንም ሥሩ። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ኪቦርድ፣ አምስት ተማሪ ካለ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 12 ደቂቃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን በወር ስምንት ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 96 ደቂቃ ጣቱ ቁልፍ ላይ ያርፋል። ለብቻው የሚማር ልጅ ይህን በሁለት ክፍለ ጊዜ ያገኘዋል። «ርካሽ» የተባለው የቡድን ትምህርት በደቂቃ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከግሉ ይበልጥ ውድ ይሆናል። ቤት ውስጥ መለማመጃ ከሌለ ደግሞ ሁለቱም ገንዘብ ማባከን ነው። የምትገዙት ኪቦርድ 61 ሙሉ መጠን ያላቸው ቁልፎች ያሉትና የአመታት ኃይልን የሚለይ ይሁን፤ ቁልፉ ትንንሽ የሆነው የልጆች መጫወቻ የጣት ርቀት ያበላሻል። መብራት ሲጠፋ ልምምድ እንዳይቋረጥ በባትሪ የሚሠራ ምረጡ፤ አዳፕተር ስትቀይሩ ቮልቱን ብቻ ሳይሆን የፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አቅጣጫም ከኪቦርዱ ጀርባ አመሳክሩ፣ ብዙ ኪቦርድ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ጊታር ላይ ብዙ የምንለው የለም፣ መምህራኑ ይበዛሉ፣ ጥራቱም የተቀራረበ ነው። ችግሩ መሣሪያው ላይ ነው፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭናችሁ ምቱት፣ ከዚያ እዚያው ላይ ሳትጫኑ ነክታችሁ ብቻ ሃርሞኒኩን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ፣ አውጡ። ሁለቱ ካልተስማሙ ጊታሩ ላይኛው ክፍል ላይ በፍጹም አይቃኝም። ለልጅ ከብረት ይልቅ የናይለን ክር ይሻላል።

ማሲንቆ የሚያስተምር ሰው ጥቂት ነው፣ ያገኛችሁት ከሆነ ግን አትልቀቁት። አንድ የጭራ አውታር፣ አንድ ደጋን፣ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ የለም፤ ጣቱ ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ አንገቱ ላይ አይጫነውም። ጀማሪ እስኪደክመው ይጫናል፣ ድምፁም ይታነቃል። ደጋኑ ሙጫ ወይም ዕጣን ካልተቀባ ምንም አይሰማም፣ ሲያንስ ያፏጫል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባዶውን ክር በረጅም ደጋን ብቻ የሚያስመታ መምህር ተማሪውን እያሰለቸ ሊመስል ይችላል፤ ትክክለኛው ግን እሱ ነው። በገና ለመማር ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሂዱ፤ ዐሥሩ አውታርና ድምፁን የሚያስነዝረው የእንዚራው ቆዳ አቀማመጥ በዓይን ካላዩት አይገባም፣ በቪዲዮ አይሞከርም።

ስለ አገልግሎቱ ውል። ክፍያ በወር ሳይሆን በክፍለ ጊዜ ቁጥር ይጻፍ፦ ስምንት ወይም ዐሥራ ሁለት፣ እያንዳንዱ ስንት ደቂቃ፣ መምህሩ ከቀረ መቼ ይተካል፣ የባጃጁን ማን ይከፍላል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት ሙዚቀኛ ቅዳሜና እሑድ አይገኝም፣ ስለዚህ የሳምንቱን መጨረሻ ብቻ የሚያስመዘግብ ሰው በእነዚህ ጊዜያት ግማሹን ያጣዋል። ክራርና ማሲንቆ ለመጀመር ጥሩው ወቅት ዐቢይ ጾም ነው፤ ምሽት ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ መምህሩም ተኝቶ ተነስቶ፣ ጆሮው አርፎ ነው የሚመጣው። ሌሊት የሚሠራ መምህር ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ከሰጣችሁ አትቀበሉት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርጉት። ልጅ የሚማር ከሆነ ቤታችሁ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው እዚያው ተቀምጦ ይሁን፤ ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው መምህር ጋር ልጅ አትላኩ።