ፆታ፣ እርጅናና በሽታ፦ በጣና ዳር ለጀማሪ ተመራማሪዎች የተሰጠ የአምስት ቀን ሥልጠና ግምገማ

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ፣ በእርጅናና በበሽታ ረገድ በሴትና በወንድ መካከል የሚታየው ልዩነት እንዴት እንደሚጠና ለጀማሪ ተመራማሪዎች የተሰጠውን የአምስት ቀን ሥልጠና ተካፍዬ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ክፍያውን የከፈልኩት ከራሴ ኪስ ነው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር ለመመዝገብ የሚያስቡ የሙያ ባልደረቦቼ ገንዘባቸውንና የዓመት ፈቃዳቸውን ከመስጠታቸው በፊት ምን እንደሚጠብቃቸው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሥልጠናው የተከፈለበትን ያህል ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ሳይታረሙ መቀጠል የሌለባቸው ሁለት ጉድለቶች አሉበት።

በመጀመሪያው ቀን አብዛኞቻችን ይዘነው የመጣነው ግምት ሌላ ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን ፆታ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን የሴቶች ጉዳይ ክፍል ነው። አሠልጣኟ ግን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን «ፆታ»፣ በሌላው «ሥርዓተ ፆታ» ብለው ጻፉና የምንጠራውን ሁሉ በየቦታው እንድናስቀምጥ አዘዙን። ክሮሞዞምና ሆርሞን ያለ ክርክር ወደ መጀመሪያው ገቡ፤ ውሃ መቅዳት፣ ጭስ ውስጥ መዋልና ለሕክምና የባልን ገንዘብ መጠበቅ ወደ ሁለተኛው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ላይ ስንደርስ ተቸገርን። በመተማና በሑመራ ቆላ በብዛት የሚታመሙት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የሚወርደው ወንዱ ስለሆነ ነው ብለን በአንድ ድምፅ መለስን። እሳቸውም መልሱን ሳይነቅፉ፣ በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀውን ወረርሽኝ አነሡ፤ እዚያ ወደ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናትም ታመዋል። ከዚያ በኋላ የነበረው የአንድ ሰዓት ውይይት፣ «በሽታው ወንዶችን ይበዛባቸዋል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ለዝንብ የመጋለጥን፣ ሰውነት ተሕዋሲውን የመከላከል አቅምንና ሐኪም ቤት የመድረስን ጉዳይ በአንድ ላይ አፍኖ እንደያዘ አሳየን።

ከሁሉ ያተረፍኩት በሦስተኛው ቀን፣ ከከተማው ወጣ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በሽታው በልጅነት ይጀምርና በተደጋጋሚ እየተመለሰ የዐይን ቆብን ውስጠኛ ክፍል ያጠቃል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ የተቀለበሰው ፀጉርም የዐይንን ብሌን እየፋቀ ወደ መታወር ያደርሳል። በዚህ ደረጃ ላይ በብዛት የሚገኙት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ናቸው። ያነጋገርናቸው እናት ከማተባቸው ጋር አንዲት ትንሽ ወረንጦ አንጠልጥለዋል። የሚቆረቁራቸውን ፀጉር በየጊዜው በእሷ ይነቅላሉ፤ ጫፏ ከሥራዋ መብዛት የተነሣ ተወልውላ ታበራለች። ልጆቻቸውን፣ ኋላም የልጅ ልጆቻቸውን ሲያቅፉና ሲያዝሉ በሽታው ከሕፃናቱ ወደ እሳቸው ሲመላለስ ኖሯል። እርጅና ላይ የተገለጠው የዐይን ጉዳት ከዕድሜ ልክ የሕፃናት እንክብካቤ ሥራ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ለማስረዳት ከዚያች ወረንጦ የተሻለ የማስተማሪያ መሣሪያ አላየሁም።

በዚያው ግቢ ሌላም ትምህርት አገኘን። ዕድሜያቸውን ስንጠይቃቸው «ስድሳ በሉት» አሉን፤ እኛም 60 ብለን ልንጽፍ ነበር። አሠልጣኟ ግን «እማማ፣ ደርግ ሲገባ ልጅ ወልደው ነበር?» ብለው ጠየቁ። «እንዴታ! ሁለተኛዬን አዝዬ ነበር እንጂ» አሉ። ደርግ ሥልጣን የያዘው በ1967 ዓ.ም. መባቻ ነውና፣ ያን ጊዜ ሁለት ልጅ ያላት ሴት ዛሬ ወደ 70 ብትጠጋ እንጂ 60 ልትሆን አትችልም። ማታ ወደ አዳራሹ ተመልሰን የራሳችንን ጥናቶች ዕድሜ በሥዕል ስናወጣ፣ ቁጥሩ በ60፣ በ65 እና በ70 ላይ እንደ ክምር ቆሞ በመካከሉ ባዶ ሆኖ ታየ። ዕድሜ ራሱ በግምት ከተጻፈና ግምቱ ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ ከሆነ፣ «ሴቶች ቀድመው ያረጃሉ» ወይም «ዘግይተው ያረጃሉ» የሚል ድምዳሜ ሁሉ በአሸዋ ላይ የቆመ ነው።

የቤተ ሙከራው ክፍል፣ እዚህ የአይጥ ቤተ ሙከራ በእጃችን ስለሌለ፣ ለአንዳንዶቻችን ሩቅ መስሎ ነበር። እኔ ግን አራቱ መሠረታዊ የዘር ዐይነቶች የሚባለውን ዘዴ በማወቄ ደስ ብሎኛል። የወንድ ዘር ፍሬ እንዲፈጠር የሚያደርገው ኤስ.አር.ዋይ የተባለው ጂን ከዋይ ክሮሞዞም ተነሥቶ ሌላ ክሮሞዞም ላይ ይቀመጣል፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ኤክስ ይዞ የወንድ ዘር ፍሬ ያለው፣ ኤክስና ዋይ ይዞ ደግሞ የሴት ዕንቁላል ዕጢ ያለው አይጥ ይገኛል። አራቱን ጎን ለጎን በማነጻጸር አንድ ልዩነት የመጣው ከሆርሞን ይሁን ከክሮሞዞም መለየት ይቻላል። በአሜሪካ በሦስት ማዕከሎች በሚካሄደው የዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒቶች ሙከራም፣ 17-አልፋ ኢስትራዲዮል የወንድ አይጦችን ዕድሜ ሲያራዝም የሴቶቹን አላራዘመም። በአንዱ ፆታ ብቻ ቢሞከር ኖሮ አንድም ከንቱ ነው፣ አንድም ለሁሉ ይሆናል ይባል ነበር።

ስለ መድኃኒት መጠን የተነገረው አጭር ቢሆንም ከአእምሮዬ አልወጣም። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተፈቀደ ጀምሮ ለሴትም ለወንድም 10 ሚሊ ግራም ሲታዘዝ ኖሯል፤ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሴቶች የሚመከረው ወደ 5 ሚሊ ግራም ዝቅ እንዲል ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መድኃኒቱ ከሴቶች ሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ በማግስቱ ጠዋት መኪና ለመንዳት በሚያሰጋ መጠን ደማቸው ውስጥ ይቀር ነበር።

በአራተኛው ቀን የስታቲስቲክስ ክፍል ለእኔ በግል ከባድ ነበር። በሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ውስጥ በዕድሜና በደም ግፊት መካከል ያለው ግንኙነት በሴቶች ላይ ጉልህ ሆኖ በወንዶች ላይ ስላልሆነ፣ ግንኙነቱ በሴቶች ላይ ብቻ ይታያል ብዬ ጽፌ ነበር። አሠልጣኙ ይህ እጅግ የተለመደ ስሕተት መሆኑን አስረዱን፤ ሁለት ውጤቶችን ለየብቻ ከማየት ይልቅ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ራሱ በቀጥታ መፈተን አለበት። በራሴ መረጃ ላይ ሠራሁት፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም። ግንኙነቱ በወንዶች ላይ ጉልህ ሆኖ ያልታየው ወንዶቹ በቁጥር ስላነሱ ነው፤ ያነሱትም መረጃ ሰብሳቢዎቼ ቤት ለቤት የዞሩት በቀን ስለነበረና ወንዶቹ እርሻ ላይ ስለዋሉ ነው። እንግዲህ በሰውነት ውስጥ ያለ የመሰለኝ ልዩነት የመጣው ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው ከሚለው ነበር። ለአማካሪዬ በዚያው ሌሊት ጻፍኩላቸው።

ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። የወር አበባ መቋረጥ በሴት እርጅና ውስጥ ትልቁ የሰውነት ለውጥ ሆኖ ሳለ የተሰጠው ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በጥናት መጠይቆቻችን ላይ የተቋረጠበትን ዕድሜ የሚጠይቅ ረድፍ እምብዛም ስለማይገኝ፣ እንዴት ተጠይቆ እንደሚመዘገብ በተግባር ማለማመድ ይገባ ነበር። ሁለተኛው ጉድለት ይበልጥ ያሳዝነኛል። ከ24 ተሳታፊዎች ሴቶቹ 6 ብቻ ነበርን፤ የአራተኛው ቀን ትምህርትም እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ዘለቀ። አንዲት የምታጠባ ባልደረባችን ለሕፃኗ የሚሆን ክፍል ስላልተዘጋጀ በኮሪደሩ ላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ እያጠባች፣ ከሁሉ የሚያስፈልገው የስታቲስቲክስ ትምህርት በግድግዳ ማዶ አለፋት። ይህን በማጠቃለያው የአስተያየት ቅጽ ላይ በስሜ ጽፌዋለሁ።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው የራሱን የጥናት መረጃ ይዞ ይሂድ፤ በተውሶ መረጃ የሠሩት የእኔን ያህል አልተጠቀሙም። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ ከቤቱ ጭኖ ይምጣ፤ የአዳራሹ ኢንተርኔት ለዚያ አይበቃም። ለገጠሩ ጉዞ ጥላና የሚመች ጫማ ያስፈልጋል። ሕፃን ያላት ተመዝጋቢ ደግሞ የማጥቢያ ክፍል መዘጋጀቱን ክፍያውን ከመፈጸሟ በፊት አዘጋጆቹን ታረጋግጥ።