የእድራችንን ፕሮጀክተር መርጠው ለገጠሙልን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ የሚገኘው የሰፈራችን እድር ጸሐፊ እንደመሆኔ፣ በእድሩ ዳኛ፣ በኮሚቴውና በእድርተኛው ስም ነው። አዳራሻችን ቅዳሜና እሑድ ለሰፈሩ ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥበታል፤ የወሩ ስብሰባም የሚካሄደው እዚያው ነው። ለሁለቱም የሚሆን ፕሮጀክተር እንዲገዛ በጠቅላላ ጉባኤ ከተወሰነ በኋላ ዕቃውን የመረጡልን፣ የሰቀሉልንና አጠቃቀሙን ያሳዩን አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ናቸው። ገንዘቡ የእያንዳንዱ እድርተኛ መዋጮ ስለሆነ በምን ላይ እንደዋለ በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል፤ ዝርዝሩም ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስቡ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ባለሙያው በመጀመሪያው የስልክ ንግግራችን የጠየቁን የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ፣ መስኮቶቹ በየት በኩል እንደሆኑ፣ እንዲሁም መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ሰው ጽሑፍ ማንበብ ይኖርበት እንደሆነ ነበር። አዳራሹ 9 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ አለው። ጽሑፍ በሚነበብበት ክፍል የመጨረሻው ተቀማጭ ከምስሉ ቁመት 6 እጥፍ በላይ ባይርቅ እንደሚመከር ከገለጹልን በኋላ፣ 1.5 ሜትር ቁመትና 2.66 ሜትር ስፋት ያለው ምስል፣ ማለትም በገበያው አጠራር 120 ኢንች፣ እንደሚያስፈልገን አሰሉ። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚጀምር ከፊት የሚቀመጡ ተማሪዎች የኋለኞቹን ብዙም አይጋርዱም። ፕሮጀክተሩ ከግድግዳው የሚርቅበትን ርቀት ለምስሉ ስፋት ስናካፍል የሚገኘው ቁጥር፣ ባለሙያዎቹ ስሮው ሬሾ የሚሉት፣ በመረጡልን ዓይነት 1.5 ላይ ስለሚስተካከል መሣሪያው 4 ሜትር ርቆ መሰቀል ነበረበት። በመሆኑም ዕቃው ገና ሳይገዛ የሚሰቀልበት ነጥብ ኮርኒሱ ላይ በእርሳስ ተሰምሮ ነበር።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ግን በብርሃን ጉዳይ ነው። ገበያ ስናጠና አንድ ሱቅ በካርቶኑ ላይ «9,000 ሉመን፣ ፎር ኬ» (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ፣ ፎር ኬ ደግሞ ከፍተኛ የምስል ጥራት ነው) ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ፕሮጀክተር እጅግ በረከሰ ዋጋ አቅርቦልን፣ በኮሚቴው ውስጥም ይህኛው ይበቃናል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ባለሙያው ካርቶኑን ትተው መሣሪያውን ገለበጡና ከጀርባው የተለጠፈውን አነበቡልን፤ የሚወስደው ኃይል 70 ዋት ነው። እንዲህ ባለው መሣሪያ ውስጥ አብዛኛው ብርሃን ምስሉን በሚሠራው የውስጥ ማያ ሲያልፍ ስለሚባክን፣ በ70 ዋት 9,000 ሉመን ወደ ግድግዳው ሊደርስ አይችልም፤ 4,000 ሉመን የሚያወጣ ደህና ባለ አምፖል ፕሮጀክተር እንኳ 300 ዋት ገደማ ይወስዳል። «ፎር ኬ» የተባለውም መሣሪያው የፎር ኬ ፋይል ተቀብሎ ያሳንሳል ማለት ብቻ ነበር፤ የራሱ ጥራት 1280 በ720 ፒክሰል ነው። ስለዚህ ስትገዙ «አንሲ ሉመን» ወይም «ኢሶ 21118» በሚል መለኪያ የተገለጸውን ብርሃንና «ኔቲቭ» የሚባለውን የራሱን ጥራት ጠይቁ፤ ሻጩ ከተደናገረ ደግሞ የዋቱን ቁጥር ራሳችሁ ፈልጉ።

የተገዛልን 4,000 አንሲ ሉመን ያለውና ጥራቱ 1920 በ1080 የሆነ ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ግድግዳ 4 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ሉመን፣ ማለትም 1,000 ሉክስ ያርፋል። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አያፈልቅም፤ ጥቁር መስሎ የሚታየን የፕሮጀክተሩ ብርሃን ያልደረሰበት ግድግዳ ነው። ከመስኮት የገባው ብርሃን እዚያ ግድግዳ ላይ 200 ሉክስ ቢሆን ነጩ ከጥቁሩ የሚደምቀው 6 እጥፍ ብቻ ስለሚሆን የሒሳብ ትምህርቱ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። በዚህ ምክንያት ወደ ግድግዳው ለሚቀርቡት ሁለት መስኮቶች ወፍራም መጋረጃ እንድናሰፋ፣ የፊተኛው ረድፍ መብራትም በብቻው ማብሪያ ማጥፊያ እንዲኖረው አደረጉ፤ ተማሪዎቹ ከኋላው መብራት ማስታወሻ ይይዛሉ።

ገንዘባችንን ያዳኑበት መንገድም ሊነገር ይገባል። ኮሚቴው የሌዘር ፕሮጀክተር ለመግዛት ዝግጁ ነበር፤ ነገር ግን የሌዘር ዕድሜ 20,000 ሰዓት ያህል እንደሆነና እኛ በዓመት ከ500 ሰዓት በላይ እንደማንጠቀም ጠቁመው፣ የአምፖሉ ከ4,000 እስከ 6,000 ሰዓት ለእኛ ብዙ ዓመት እንደሚያገለግል አስረዱን። ስክሪንም አላስገዙንም። ግድግዳው በደንብ ተለስኖ የማያብለጨልጭ ነጭ ቀለም ተቀባ፤ ለትምህርት ከበቂ በላይ ነው። ለቀን ሥራ የሚውል ጥሩ ስክሪን ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ ለእድር ካዝና ግን ትክክለኛው ምክር ይህ ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሙቀት የማውጣት አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ብዙ አምራቾችም ከ1,500 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ማራገቢያውን የሚያፈጥን «ሃይ አልቲቱድ» የተሰኘ ምርጫ በሜኑው ውስጥ ያኖራሉ፤ ተጠቃሚው ካላበራው በቀር አይሠራም። በደሴ፣ በጎንደርም ሆነ በደብረ ብርሃን ያላችሁ ፕሮጀክተራችሁ በየጊዜው ሞቆ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ። ማራገቢያው በመጠኑ ይጮኻል፤ ይለመዳል። የጋለ አምፖል መብራት ድንገት ሲቋረጥ ሳይቀዘቅዝ ስለሚቀርና ዕድሜው ስለሚያጥር፣ መሣሪያውን አጥፍቶ ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ደቂቃዎች የሚያቆይ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አብሮ ተገጥሟል።

አሰቃቀሉ የጥንቃቄያቸው ማሳያ ነው። ኮርኒሳችን ቺፕውድ ስለሆነ ክብደት አይሸከምም፤ ስለዚህ ብረቱን ከኮርኒሱ በላይ ካለው ሞራሌ ጋር በብሎን አሠሩት፣ ብሎኑ ቢላላ እንኳ እንዳይወድቅ በቀጭን የብረት ገመድ ደገፉት። ምስሉን በሪሞት ማቃናት፣ ኪስቶን የሚባለው፣ ፒክሰል ስለሚያባክን አልተጠቀሙበትም፤ በውሃ ልክ እየለኩ መሣሪያውን ራሱን አቃኑት። ከአስተማሪው ጠረጴዛ እስከ ኮርኒሱ ያለው የገመድ መንገድ 14 ሜትር ስለሚደርስ ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ምስሉን ሊያቆራርጥ ይችላል ብለው፣ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ ከነማስተላለፊያው በትራንኪንግ ውስጥ ዘረጉ። ሲጨርሱ የወደቀውን አቧራ ጠርገው፣ የማጣሪያውን አከፋፈትና አጸዳድ ለሁለት ወጣቶቻችን አሳይተው ሄዱ።

ለፍትሐዊነት ያህል፦ የእጅ ዋጋቸው በገበያው ውስጥ ከርካሾቹ አይመደብም፣ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀጠሮ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል፣ የድምፅ ሥራም አይሠሩም። የፕሮጀክተሩ የራሱ ድምፅ ማውጫ ለ9 ሜትር ክፍል ደካማ ስለሆነ ስፒከሩን በሌላ ሰው አስገጥመናል። ለትምህርት ቤት፣ ለአዳራሽ፣ ለቢሮ ወይም ለመኖሪያ ቤት ፕሮጀክተር የምታስቡ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ፤ ከመደወላችሁ በፊት የክፍሉን ልኬትና ክፍሉን በብዛት በምትጠቀሙበት ሰዓት የተነሣ ፎቶ አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።