ባዛር ላይ የሳባችሁት ደጋንና በካርቶን የሚሰጣችሁ ደጋን አንድ አይደሉም

ሰሞኑን አዳማ ላይ በነበረ ባዛር አንድ የባህላዊ ደጋን፣ ማለትም የቀስት መወርወሪያ፣ መሸጫ ድንኳን ተከፍቶ ነበር። ሰው ተሰልፎ ይሞክራል፤ ጭድ በተሞላ ጆንያ ላይ ይወረውራል፤ ደስ ይለውና ይገዛል። ቀስት መወርወር ስለምወድ እኔም ሁሉንም ተራ በተራ እየሳብኩ ብዙ ቆየሁ። የሚሞከሩት ጥሩ ናቸው። የሚሸጡት ግን ሌላ ናቸው። ብር መበላቱ ያናድዳል፤ ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ከካርቶን ከሚወጡት አንዳንዶቹ ሰው ሊጎዱ የሚችሉ መሆናቸው ነው።

ለሙከራ የተሰቀሉት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቀጥ ያለ ረጅም ደጋን ነው፤ እንግሊዞች ድሮ ጦርነት ይዘውት ይወጡ የነበረው ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1545 ከሰመጠችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የጦር መርከባቸው ውስጥ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ደጋኖች ወጥተዋል። አሳሳቡ ለስላሳ ነው፤ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይጨምራል። ሁለተኛው ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ ነው፤ ኦሊምፒክ ላይ የምታዩት ደጋን የዚህ ዘር ነው። ቀስቱን በፍጥነት ይለቃል። ሦስተኛው ፈረሰኞች የሚይዙት አጭሩ ነው፤ ቆዳ ለብሷል። ዓይን የሚስበው እሱ ነው፤ የሚጠሩበትም ዋጋ ከሁሉም ይበልጣል።

ስለዚህ ስለ አጭሩ ልንገራችሁ። ሻጮቹ “የቱርክ ነው፣ ከቀንድና ከጅማት የተሠራ ነው” ይላሉ። እንዲህ ያለ ደጋን በእርግጥ አለ። መሃሉ እንጨት፣ ወደ ወርዋሪው የሚዞረው ፊቱ ቀንድ፣ ጀርባው ደግሞ የእንስሳ ጅማት ሆኖ በሙጫ ይጣበቃል። እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል፤ ውድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የቱርክ ባህላዊ ቀስት ውርወራ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። ግን የእውነተኛው የቀንድ ደጋን ገመድ ሲወልቅ ደጋኑ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ተጠማዞ ይጠቀለላል። የድንኳኑን ደጋን ገመድ አውልቁልኝ ብዬ አየሁት፤ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጫፉ ላይ ቆዳው ትንሽ ተልጦ ነበርና ከሥሩ ነጭ የፋይበርግላስ ክር ይታያል። ፋይበርግላስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለጀማሪ እንዲያውም ይመረጣል፤ እርጥበት እንደ ቀንዱና እንደ ጅማቱ ቶሎ አይጎዳውም። በፋይበርግላስ ዋጋ ይሸጥ ነው የምለው።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ጫፉ የታጠፈውን ሞከረች፤ በቀላሉ ሳበችው፤ ጆንያውንም ደጋግማ መታች። ደጋኑ ላይ “30” የሚል ተለጥፏል፤ የመሳቢያው ጉልበት 30 ፓውንድ ነው ማለት ነው። አባትየው ከፈሉ። ሻጩ ወደ ጓሮ ዞሮ የታሸገ ካርቶን ይዞ መጣ።

“የሞከረችውን ስጠኝ” አሉት።

“ጋሼ፣ እሱ እኮ የማሳያ ነው። ይሄ ያልተነካ አዲስ ነው፤ ያው ነው።”

ልጅቷ እዚያው ከፍታ ሳበችው። ግማሽ እንኳን አልመጣላትም። እጇ ይንቀጠቀጣል። ሻጩ “ትለምደዋለች” ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ጎረቤት ድንኳን ማር የሚሸጠው ልጅ የሚንጠለጠል ሚዛን ነበረው። ለመንነውና ሰጠን። የሚዛኑን መንጠቆ ገመዱ መሃል ላይ አስገብተን ደጋኑን እስከ 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሳብነው። የደጋን ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በዚህ ርቀት ነው። ከካርቶኑ የወጣው 19 ኪሎ መዘነ፤ 42 ፓውንድ ገደማ ማለት ነው። የሞከረችው 11 ኪሎ ነበር፤ 24 ፓውንድ። ሁለቱም ላይ “30” ተለጥፏል።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ጀማሪ ለሆነ ትልቅ ሰው እንኳን ከ20 እስከ 30 ፓውንድ በቂ ነው። ለልጅ ከዚያም ያንሳል። ከአቅም በላይ የሆነ ደጋን ትከሻ ይጎዳል፤ ከመነሻው የተበላሸ አሳሳብም ያስለምዳል። ከዚያ ልጁ ይሰለቸዋል፤ ደጋኑም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም ካርቶኖች ማየት ጀመርኩ። ካርቶኖቹ ከድንኳኑ ውጭ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። በሙጫ የተጣበቀ ደጋን ሙቀት ላይ ሲቆይ ሙጫው ይላላል፤ ድርብርቡ መለያየት ይጀምራል። አንዱን አውጥቼ ጥጥ አሻሸሁበት፤ ስንጥቅ ካለ ጥጡ ይያዛል። ከመያዣው ትንሽ ከፍ ብሎ ተያዘ። ጠጋ ብዬ ሳየው በቫርኒሽ የተሸፈነ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነው፤ ቀሪው ደግሞ መያዣው ላይ ከተጠመጠመው ቆዳ ሥር ይገባል። ገመዱ ሲወጠር የደጋኑ ታችኛው ክንድ፣ ማለትም ከመያዣው በታች ያለው ክፍል፣ ወደ ጎን ይዞራል፤ ገመዱም መሃሉን ትቶ ወደ ዳር ይሄዳል። እንዲህ ያለ ደጋን ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ፊት አጠገብ ሊሰበር ይችላል።

የማሳያዎቹም ቢሆኑ ተመርምረው ነው መገዛት ያለባቸው። ሰው ሁሉ ገመዱን ያለ ቀስት እየሳበ ይለቃል፤ የሚከለክል የለም። ቀስት ሳይኖር ገመድ ሲለቀቅ ቀስቱን ያስወነጭፍ የነበረው ኃይል በሙሉ ወደ ደጋኑ ይመለሳል። ደጋን ከሚሰብሩ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ቀስቱንም አትርሱ። ለሙከራ የሚሰጡት ረጅም ነው፤ ከጥቅሉ ጋር የሚመጣው ግን አጠር ይላል። እጁ ረዘም ያለ ሰው ሲስበው የቀስቱ ጫፍ ከደጋኑ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በዚያ ሁኔታ ከተለቀቀ የያዘውን እጅ ይወጋል። ሙሉ በሙሉ ስትስቡ ጫፉ ከደጋኑ ፊት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ሊኖረው ይገባል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ በጣም አናዶኛል። ለመግዛት ላመነቱ ሰዎች “ከሳብክ ገዝተሃል” ይሏቸው ነበር። ወጣቶቹ እያፈሩ ሲከፍሉ አይቻለሁ። ይሄ ውሸት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃን ስላየ፣ ስለመረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ሸማች ለመግዛት እንደማይገደድ ይደነግጋል። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበትም በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ደረሰኝ አይሰጡም፤ ብሩ በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስልክ ነው የሚገባው። ባዛሩ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነሳል፤ ከዚያ ማንን ትጠይቃላችሁ?

አባትየው ብራቸውን ያስመለሱት እዚያው ቆመው ስለተከራከሩና ሚዛኑን ሁሉም ሰው ስላየው ነው። ቤት ወስደው ቢከፍቱት ኖሮ የሚሰማቸው አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ለመግዛት የምትሄዱ፣ ብሩን ሳትከፍሉ ካርቶኑን አስከፍቱት። ገመዱ እንዲወጠር ጠይቁና ከጫፍ እስከ ጫፍ መሃሉን ይዞ መሄዱን እዩ። ጥጥ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። የሻንጣ ሚዛን ካላችሁ ያዙ። እዚያው በቀስት ወርውሩበት። ሻጩ “የታሸገ አይከፈትም” ካለ ትታችሁ ሂዱ። የሞከራችሁት ደህና ከሆነ እሱኑ ካልሰጠኸኝ በሉ፤ የማሳያ ስለሆነም ዋጋው ይቀንስ።

ገዝታችሁ ቤት ያስገባችሁ ደግሞ ዛሬውኑ መርምሩት። ስንጥቅ ካለው ገመዱን ቀስ ብላችሁ አውልቁ፤ ፎቶ አንሱት፤ የከፈላችሁበትን የቴሌብር መልእክት አትሰርዙ፤ ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። “ለልጆች መጫወቻ ይሁን” ብላችሁ ለማንም አትስጡት።