«ለሁሉም ኤምጂቢ ይሆናል» የሚባለውን የኋላ ስታቢላይዘር እንዳትገዙ

ኤምጂቢ (የድሮዋ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ያላችሁ፣ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ለኋላ ስታቢላይዘር ባር፣ ማለትም መኪናዋ ኩርባ ላይ ብዙ እንዳታዘነብል ከሥሯ ለሚገጠመው ብረት፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ መኪና ሥር ተኝቼ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሻጩ «እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ለተመረተ ለማንኛውም ኤምጂቢ ይሆናል፤ ብሎኑን አስሮ መንዳት ነው» ይላል። ደውዬ ሳናግረው መኪናዋ የስንት ዓመተ ምህረት ምርት እንደሆነች እንኳ አልጠየቀኝም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ዓመቱ ወሳኝ ነው። በ1974 ጥቁሩ የጎማ ባምፐር ሲመጣ ኤምጂቢ ከመሬት 1 ኢንች ከፍ ተደረገች። በ1975 ደግሞ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ የፊቱ ስታቢላይዘር ቀረ፤ የፈለገ ለብቻው ያዝ ነበር። የኋላው ባር በሁሉም ላይ ከፋብሪካ ተገጥሞ መምጣት የጀመረው በ1977 ነው። የእኔዋ የ1975 ናት። ፊቷ ላይ ምንም ባር የለም።

መኪና ኩርባ ላይ ስታዘነብል ባሩ እየተጠመዘዘ ማዘንበሏን ይይዛል። ይህን ሲያደርግ ግን ከውስጠኛው የኋላ ጎማ ላይ ክብደት አንስቶ ውጪኛው ላይ ይጭናል። ፊት ላይ የሚያመዛዝነው ከሌለ፣ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው ይንሸራተታሉ። እኔ ይህ የገባኝ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ነው። ሁልጊዜ በማልፍበት ኩርባ፣ ሁልጊዜ በምነዳው ፍጥነት ገባሁ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳ ኋላዋ ወደ ጎን ሸሸ። መሪውን በተቃራኒው ጠምዝዤ እንደምንም ያዝኳት። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ውፍረቱም ሌላ ጣጣ ነው። እኔ 16 ሚሊ ሜትር ስጠይቅ «22ቱን ውሰድ፣ ልዩነቱ 6 ሚሊ ብቻ ነው» ብሎ ገፋፋኝ። እውነቱ እንዲህ ነው። ውስጡ ድፍን የሆነ ባር ግትርነቱ የሚጨምረው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው። ቅርጹና ብረቱ አንድ ከሆነ፣ 22ቱ ከ16ቱ 3.6 እጥፍ ገደማ ይጠነክራል። 6 ሚሊ ብቻ የተባለው ይሄ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የማሰሪያው ቀዳዳ ከመኪናዋ ቀዳዳ ጋር አልገጥም አለ። ደወልኩ። «በሞረድ አስፋው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት» አለኝ። አሰፋሁት። ክሪክ ላይ እንዳለች በባሩና በማርሚታው ቱቦ መሃል ሁለት ጣቴ ይገባ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሥሯ ገብቼ ሳይ የባሩ ቀለም ተፍቋል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ብረት ታበራለች። አክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው) ተንጠልጥሎ የሚታየው ክፍተት፣ ጎማዎቹ መሬት ሲይዙና መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ የለም። የፍሬን ቱቦው ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ እሱን ባየሁ ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

ልመልስ ስል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የተሞረደ ዕቃ አንመልስም።» ሞርድ ያለኝ ራሱ ነው! በስልክ ስለነበር የማሳየው ማስረጃ የለኝም።

ባሩን አውልቄዋለሁ። ለጊዜው የፊቱን ብቻ ገጥሜ ነው የምነዳት፤ መሪዋ ላይ ያለው ለውጥ ከመጀመሪያው ኩርባ ይታወቃል። የኋላው ካስፈለገ ቀጭኑን አስብበታለሁ።

እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ዓመቱን ጽፋችሁ ላኩለት፤ ለዚያ ዓመት እንደሚሆን በጽሁፍ ይመልስላችሁ። የፊት ባር አለኝ ወይ ብላችሁ ሥሯን እዩ። ዕቃው ሲደርስ ቀለም ሳትቀቡ፣ ጎማዎቹ መሬት ይዘው ለኩት። ቀዳዳው አልገጥም ካለ ፎቶ አንስታችሁ በካርቶኑ መልሱት እንጂ ሞረድ እንዳታነሱ።