ጎድን በጋዝ ወይስ በከሰል? ሁለቱንም ሞክሬዋለሁ

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አፓርታማ ሳለን በረንዳ ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ስለነበር፣ ጓሮ ያለው ቤት እንደገባን ያማረኝ የመጀመሪያው ነገር ጥብስ ነበር። ባለቤቴ «ከሥራ ደክሞሽ መጥተሽ ከሰል ስታራግቢ ልታመሺ ነው?» ሲለኝ እውነቱን ነው ብዬ ባለ ሦስት በርነር የጋዝ ግሪል ገዛን። በዓመቱ ደግሞ አላስችል ብሎኝ ከ200 ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ባለ 22 ኢንቹን የዌበር የከሰል ግሪል ጨመርኩ። አሁን ሁለቱም ጓሮዬ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ጋዙ ለሥራ ቀን ማታ ነው። አቀጣጥዬ፣ ክዳኑን ዘግቼ 10 ደቂቃ ካሞቅሁት በኋላ ዶሮው ይወጣበታል፤ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሳይጨርሱ ራት ይደርሳል። በጾም ቃሪያ፣ ዝኩኒና በቆሎ የምጠብሰውም በሱ ነው። እሳቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ አትክልት አያሳርርም።

ጎድን ላይ ግን አልሆነልኝም። ጋዙ ላይ ስቡ የሚንጠባጠበው በርነሩን በሸፈነው ብረት ላይ ነው። ይጨሳል፣ ሥጋውም ይበስላል፤ ግን ቤት ውስጥ በመጥበሻ ከሠራሁት ብዙም አይለይም። ከሰል ላይ ጮማው ሲቀልጥ ፍሙ ላይ ጠብ ይላል፣ ቺስ ይላል፣ የሚነሣው ጭስ መልሶ ሥጋው ላይ ያርፋል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በነበረችበት ክረምት ከሁለቱም ጠብሼ ሳልነግራት አቀረብኩላት። አንዱን ጎድን ገና እንደቀመሰች «ይሄ የምድጃ ነው» አለችኝ። የከሰሉ ነበር።

የዌበሩ ብልሃት ክዳኑ ነው። ጆርጅ ስቲቨን የሚባል የቺካጎ ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 የባሕር ላይ ምልክት የሚሠራበትን ክብ ብረት ለሁለት ከፍሎ ነው የጀመረው። እኛ ቤት እሳት የሚያዘው በማራገቢያ ነበር፤ እዚህ ማራገቢያው የአየር ቀዳዳው ነው። ከታችና ከላይ ያሉትን ስከፍት ፍሙ ይቀላል፣ ሳጠብ ይረጋጋል። ፍሙን ሁሉ ወደ አንድ ጎን እገፋና ጎድኑን በሌላው ጎን አስቀምጬ እከድነዋለሁ። ከ25 ደቂቃ በኋላ፣ ውስጡ ሲበስል፣ ወደ ፍሙ አዞረውና ጫፉ እስኪጠቁር አገላብጠዋለሁ። አዋዜውን የምቀባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከተቀባ በርበሬው አርሮ ይመራል።

ባለቤቴ የፈራው ማራገብ አልመጣም። ቺምኒ የሚሉት እጀታ ያለው የቆርቆሮ ማቀጣጠያ አለ፤ ከሰሉን ከላይ ሞልቼ ከሥሩ ወረቀት እለኩሳለሁ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከላይ ያለው አመድ መልበስ ይጀምራል። በጠርሙስ የሚሸጠውን ማቀጣጠያ ፈሳሽ አትግዙ፤ ሽታው ሥጋው ውስጥ ይገባል። ከሰሉም ተጨፍልቆ እንደ ትራስ ከተጠፈጠፈው ይልቅ እንጨትነቱ የሚታየው ቢሆን እመርጣለሁ፣ አመዱ ያንሳል።

ጋዝ ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በፋሲካ፣ 55 ቀን ጾመን እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ፣ ግማሽ ጥሬ ጎድን ፍርግርጉ ላይ እንዳለ ጋዝ አለቀብኝ። ያን ቀን ያዘንኩትን አልረሳውም። ባለ 20 ፓውንድ የሚባለው ሲሊንደር ባዶውን ሰጥታችሁ ሲለወጥላችሁ ብዙውን ጊዜ የሚሞላው 15 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ማስሞላት ከቻላችሁ አስሞሉት። ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ሙቅ ውኃ ጎኑ ላይ አፍስሳችሁ በእጃችሁ ዳብሱት፤ ጋዙ ካለበት በታች ቀዝቃዛ ነው። ሲሊንደር በለወጣችሁ ቁጥር ደግሞ መገጣጠሚያውን የሳሙና ውኃ ቀቡት፤ አረፋ ከሠራ ያፈስሳል።

አንዱን ብቻ ግዢ ብባል ከሰሉን ነው የምገዛው፤ እኛ የምንወደው ጮማ ያለው ሥጋ ነውና። ሁሌ ማታ ለልጆች የሚያበስል ሰው ግን ጋዙን ቢገዛ አልፈርድበትም።

በብርድ ወራት ግሪሉን ወደ ጋራዥ ማስገባት የሚያምራቸው አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። አገር ቤት ማንደጃ ሳሎን ድረስ ሲገባ በሩ ክፍት ነበር፣ ንፋስም ያልፍ ነበር። የዚህ አገር ቤት ጥብቅ ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም ስለሌለው ሳታውቁት ይገድላል። አመዱንም በማግስቱ እንኳ ፕላስቲክ ውስጥ እንዳትጥሉት፣ ውስጡ ፍም ያድራል። እኔ ክዳን ያለው የብረት ባልዲ አለኝ። ጥብሱ ሲያልቅ የላይና የታች ቀዳዳዎቹን እዘጋቸዋለሁ፤ እሳቱ አየር አጥቶ ይሞታል፣ ያልነደደው ከሰል ለሚቀጥለው እሑድ ይተርፈኛል።