ጀርባ ክፍት ሄድፎን በጠባብ በጀት፦ ከድምፁ በፊት ምቾቱን እዩ

ሄድፎን ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ድምፁ የሚያምረው የትኛው ነው?" ብሎ ነው። ብሩ ውስን ሲሆን ግን ከምቾቱ መጀመር ያዋጣል። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ቢሳሳ፣ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ቢበዛ ኢኳላይዘር በሚባል፣ በነፃ በሚገኝ የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር ይስተካከላል። ጭንቅላት የሚጨመድድ፣ ጆሮ የሚያግል ሄድፎንን ግን የሚያስተካክል ሶፍትዌር የለም። አንድ ሙሉ አልበም ጆሮ ላይ መቆየት ካልቻለ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር መሳቢያ ውስጥ ነው የሚከርመው።

ጀርባው ክፍት ሲባል ከስፒከሩ ጀርባ ያለው ሽፋን ወንፊት ነው ማለት ነው። አየር ስለሚዘዋወር ጆሮ አይታፈንም፤ ድምፁም ጭንቅላት ውስጥ ከመታጨቅ ይልቅ ከጆሮ ወጣ ብሎ ይሰማል። ዋጋው ቤዝ ላይ ይከፈላል። ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ሞገድ ከፊተኛው ጋር ተቃራኒ ስለሆነ፣ ዝቅተኛው ድምፅ ላይ ሲደርሱ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። የከበሮው ምት ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ክብደቱ ግን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ድምፅ ይወጣል፣ ይገባልም። አጠገባችሁ የተኛ ሰው ዘፈኑን ከነግጥሙ ይሰማዋል፤ የጎረቤት ቴሌቪዥንና የታክሲ ረዳት ጥሪም እናንተ ጋ ይደርሳል። ቤታችሁ መንገድ ዳር ከሆነ ይህን ዓይነት አትግዙ። ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፅ ስትጨምሩ የምትጎዱት ጆሯችሁን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው።

ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ፊሊፕስ ኤስኤችፒ9500ን ነው። ስፒከሩ 50 ሚሊሜትር፣ ኢምፔዳንሱ (ሲበዛ ከስልክ ማስጮህ የሚከብድበት የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) 32 ኦም ነው፤ ውጭ አገር ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ፓዱ (ጆሮ ዙሪያ የሚያርፈው ትራስ) ሰፊ ስለሆነ ትልቅ ጆሮ እንኳ ሳይታጠፍ ይገባበታል፤ የለበሰውም አየር የሚያስተላልፍ ጨርቅ ነው። አጨባበጡ ልል ስለሆነ መነጽር የሚያደርግ ሰው ይወደዋል፤ የመነጽሩ ዘንግ በጆሮና በጭንቅላት መካከል አይቀረቀርም። ይኸው ልልነት ግን ጭንቅላቱ ጠበብ ላለ ሰው ችግር ነው፦ ጎንበስ ሲል ወደፊት ይንሸራተታል። ሹሩባ የተሠራ ሰው ደግሞ ፓዱ ሥር የገባውን ጉንጉን ወደ ኋላ ይመልሰው፤ ክፍተት ካለ ቀድሞውንም ስስ የሆነው ቤዝ ይብስበታል።

ይህን ሄድፎን በተለይ ለእኛ አገር የሚያስመርጠው ገመዱ ነው። በግራው ጆሮ በኩል በተራ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ተሰክቶ ይነቀላል። ገመዱ ቢበላሽ የመኪና ቴፕ ላይ የሚሰካው ተራ የኦክስ ገመድ ይተካዋል። ድክመቱ ፓዱ ነው፦ እንዲነቀልና እንዲቀየር ታስቦ አልተሠራም፣ በጉልበት ሲጎትቱት ይቀደዳል። ስለዚህ ከላይ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት እንጂ ለማጠብ ብሎ መገንጠል አይገባም።

ቤዙን ለመመለስ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባለው፣ በአንድሮይድ ስልክ ዌቭሌት የሚባለው ሶፍትዌር ይበቃል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን 4 ወይም 5 ዴሲቤል ከፍ አድርጉ፤ አጠቃላይ ድምፁን ደግሞ በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ነው። ካልተቀነሰ ቤዝ ጊታሩ በገባ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቅና ሰው ሄድፎኑ የተበላሸ ይመስለዋል።

ትንሽ ብር መጨመር የሚችል ሰው ሴንሃይዘር ኤችዲ 560ኤስን ይመልከት። በ2020 የወጣ ነው፤ ያለ ገመዱ 240 ግራም ይመዝናል፣ 120 ኦም ነው፣ ፓዱ ከፋይ ነው። የማሲንቆ ፈረስ ጭራ አውታሩን ሲፈትግ የሚሰማውን ሻካራ ትንፋሽ ሳያጋንን ያወጣዋል። አዲስ ሲሆን ግን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። የመጽሐፍ ክምር ከጭንቅላታችሁ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ደርድሩና ሄድፎኑን በላዩ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ሌሊት አሳድሩት። ጆሮዎቹን ይዞ መጠምዘዝ አይሆንም፤ መጋጠሚያው ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ገመዱ 3 ሜትር ሆኖ ጫፉ ወፍራሙ 6.3 ሚሊሜትር ጃክ ነው፤ ለስልክ የሚሆን፣ ወደ 3.5 ሚሊሜትር የሚለውጥ መለወጫ አብሮት ይመጣል። ጆሮው ላይ የሚገባው ጫፍ ግን 2.5 ሚሊሜትር፣ በመጠምዘዝ የሚቆለፍ ነው፤ ተራ ገመድ አይገጥምለትም፣ መለዋወጫውን አስቀድማችሁ አስቡበት። ወንድሙ ሴንሃይዘር ኤችዲ 599 ደግሞ 50 ኦም ነው፤ ድምፁ ሞቅና ለስለስ ያለ ነው፣ አሮጌ የካሴት ቅጂ የሚያዳምጥ ሰው ከ560ኤስ ይልቅ እሱ ላይ ያርፋል፤ የካሴቱ ሽሽታ አይጎላበትም።

ከ50 ዶላር በታች ኮስ ፖርታ ፕሮ አለ፤ ከ1984 ጀምሮ እየተሠራ ነው። ጆሮ ላይ የሚቀመጥ ቢሆንም ቀላል ነው፤ ከጆሮ በላይ ያለችው ማንሸራተቻ አጨባበጡን ታላላለች። የብረት ቅስቱ ግን ፀጉር ይነጫል። ሱፐርላክስ ኤችዲ 668ቢ ርካሽ ነው፤ ትሬብሉ ስለታም፣ ፓዱ ሰው ሠራሽ ቆዳ ስለሆነ የሚያልብ ነው፤ የከፋይ ፓድ ተገዝቶ ሲደመርበት ዋጋው ወደ ፊሊፕሱ ይጠጋል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ በምቾት ከሁሉም ይበልጣል። ሆኖም 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለው ጩኸት 5 ዴሲቤል ገደማ ካልተቀነሰለት "ሰ" እና "ሸ" ጆሮ ይወጋሉ፤ ገመዱም አይነቀልም።

አምፕሊፋየር ግዙ የሚላችሁን ሻጭ ወዲያው አትመኑት። ፊሊፕሱም 599ኙም ከስልክ በቀጥታ ይሠራሉ። የጃክ ቀዳዳ ለሌለው ስልክ የአፕል ዩኤስቢ ሲ መለወጫ 560ኤስን እንኳ ብዙ ጊዜ በበቂ ያስጮኸዋል፤ አውሮፓ የሚሸጠው ግን የሚያወጣው ቮልቴጅ አሜሪካ የሚሸጠውን ግማሽ ያህል ስለሆነ፣ ለዘመድ የምታስልኩ ከሆነ ከየት እንደሚገዛ ንገሩት። 250 ኦሙ ዲቲ 990 ብቻ ነው ትንሽ አምፕሊፋየር የሚያስፈልገው።

መርካቶና ቦሌ ሱቆች በብዛት የሚደረደረው ብሉቱዝና ዝጉ ዓይነት ስለሆነ ይህን ዕቃ ብዙ ሰው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው የሚያስመጣው። መመለስ ስለማይቻል፣ ከማዘዛችሁ በፊት የጆሯችሁን ቁመት በማስመሪያ ለክታችሁ ከፓዱ የውስጥ ቀዳዳ ጋር አመሳክሩ፤ 5 ሚሊሜትር ያህል ትርፍ ይኑረው። ያገለገለ ከሆነ ገመዱን ሥሩ ላይ እያዟዟሩ አድምጡ፤ አንዱ ጆሮ ብልጭ ድርግም ካለ ጃኩ ላልቷል። ስመ ጥር ስም ያለውን ደግሞ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። 240 ግራም መሆን የነበረበት 180 ከመዘነ ፎርጅድ ነው።

ሄድፎኑ ይነዝር እንደሆነ ለመፈተሽ የበገና ሙዚቃ አትጠቀሙ። ከአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ራሷ ድምፁን ስለምታነዝረው፣ ደህናው ሄድፎን የተቀደደ ይመስላል። 50 ኸርዝ ንጹሕ ድምፅ ለቅቃችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ 200 ውሰዱት። አንድ ጆሮ ብቻ ዝዝዝ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በወንፊቱ ገብታ ስፒከሩን የምትነካ አንዲት ፀጉር ናት። ፓዱ በሚነቀልባቸው በሴንሃይዘሮቹ ላይ ነቅላችሁ በፕላስተር ጫፍ ለቅማችሁ አውጧት፤ በጣትም በመርፌም ስስ ሽፋኑን አትንኩት። በፊሊፕሱ ላይ ደግሞ ሄድፎኑን ፊቱን ወደታች አዙራችሁ ጀርባውን ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉትና እንደገና ሞክሩት።