ጥንቃቄ፦ «አሸዋን በፎቶ ይመረምራል» ተብሎ ለሚሸጥ ማይክሮስኮፕ

«የወንፊት ነገር አበቃ፤ ፎቶ አንሱ፣ የቅንጣቱን መጠንና ቅርፅ ሶፍትዌሩ ያወጣዋል» እየተባለ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ለኮንትራክተሮችና ለአነስተኛ ላብራቶሪዎች ይቀርባል። እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ካርቶኑ ላይ «1000 እጥፍ ያጎላል» የሚለው ጽሑፍ ለልኬት አይጠቅማችሁም፤ ምስሉ ስክሪን ላይ ተለጥጦ የተሰላ ነው። የሚጠየቀው አንድ ፒክስል ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሸፍን ነው። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት በ640 በ480 ፒክስል ሆኖ «5 ሜጋፒክስል» የሚባለው በሶፍትዌር የተነፋ ነው። 8 ሚ.ሜ ወርድ ያለው ቦታ በ640 ፒክስል ሲነሳ አንዱ ፒክስል 0.0125 ሚ.ሜ ይሆናል። የ0.15 ሚ.ሜ ቅንጣት 12 ፒክስል ብቻ አገኘች ማለት ነው፤ ጠርዟ ደረጃ ደረጃ ስለሚሆን ዙሪያዋ በትክክል አይለካም። ክብነት የሚሰላው ደግሞ ከዙሪያ ነው።

ትልቁ ጉዳት ያለው ግን ፐርሰንቱ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ቅንጣት ይቆጥራል፤ የወንፊት ምርመራ ክብደት ይመዝናል። ባለ 1 ሚ.ሜ ቅንጣት የባለ 0.1 ሚ.ሜ ቅንጣት 1000 እጥፍ ይመዝናል። አንድ ትልቅና 1000 ደቃቅ ቅንጣቶች ቢቀላቀሉ በቆጠራ 99.9% ደቃቅ ነው ይባላል፤ በክብደት ግን እኩል በእኩል ናቸው። በዚህ ቁጥር ጥሩ አሸዋ ትመልሳላችሁ፣ ወይም የኮንክሪት ቅልቅሉን ታበላሻላችሁ። ቆጠራው ወደ ይዘት (ቅንጣቱ ወደሚይዘው ቦታ) ቢቀየርም፣ ከስምጥ ሸለቆ በሚመጣ አሸዋ ውስጥ ፐሚስ የተባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ካለ ስሌቱ ክብደቱን አያገኘውም።

ሌላም አለ። ቅንጣት ሲበተን በሰፊ ጎኑ ስለሚተኛ ውፍረቱ ለካሜራው አይታይም። ሁለት የተነካኩ ቅንጣቶች እንደ አንድ ትልቅ ይቆጠራሉ። ነጭ ኳርትዝ ነጭ ወረቀት ላይ ከተነሳ ግማሽ አካሉ ይጠፋል፤ ብርሃኑ ከሥር መምጣት አለበት።

ሻጩ ፊት እንዲህ ፈትኑት። አሸዋ አጥባችሁ አድርቁ፤ በ1.18 ሚ.ሜ ወንፊት አልፎ 0.6 ላይ የቀረውን ብቻ ውሰዱ። ሳይነካካ በትኑትና የእያንዳንዱን ቅንጣት ጠባብ ወርድ ያውጣላችሁ። ጥቂት ጠፍጣፋ ቅንጣቶች በወንፊቱ ሰያፍ ስለሚያልፉ ከ1.18 ሊበልጡ ይችላሉ፤ አብዛኛው ግን በሁለቱ መካከል ካልወደቀ መሣሪያውን ተዉት። በመቀጠል የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ መስመሮች የተሰመሩበትን የመለኪያ መስታወት በምስሉ መሃል ላይም ጥግ ላይም አንሱ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ሌንሱ ያዛባል። ከፍታው ወይም ፎከሱ በተነካ ቁጥር ልኬቱን እንደገና ማስተካከል ግድ ስለሆነ፣ «አንዴ ተስተካክሏል» የሚል ሻጭ አትመኑ።

«የሶፍትዌር ፈቃድ» ተብሎ የተለየ ክፍያ ከተጠየቃችሁ፣ ኢሜጅጄ የተባለው ፕሮግራም ይህንኑ ሥራ እንደሚሠራና በነፃ እንደሚወርድ እወቁ።

በምስል መለካት ራሱ ማጭበርበር አይደለም። አይኤስኦ 13322 የሚባል ደረጃ አለው፤ ቅንጣቶቹ በካሜራ ፊት እየወደቁ በብዛት የሚነሱባቸው ውድ ማሽኖችም አሉ። ርካሹን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ከ0.6 ሚ.ሜ በላይ ላሉ ቅንጣቶች ቅርፅ ተጠቀሙበት፤ የተፈጨ ሹል አሸዋን ከድቡልቡል የወንዝ አሸዋ ይለያል። ደለልን ግን በጭራሽ አትመርምሩበት፤ ከ0.075 ሚ.ሜ በታች ያለው ለካሜራው ነጥብ ነው፣ ወይም ትልቁ ላይ ተለጥፎ ይደበቃል። ደለሉ ከ6% እንዳይበልጥ የሚለውን ገደብ በውሃና በባለ መስመር ሲሊንደር፣ ሌላውን በወንፊትና በሚዛን ለዩ።